ብረት ላይ የሚወጣ ቀለም

(ይህ በማኅበራችን ዓመታዊ የወጣቶች ስብሰባ ላይ በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለመጽሔቱ ሲዘጋጅ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተስተካክሏል።)



የተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ። የማወራው ስለ ቀለም ነው፣ ግን በብሩሽ ስለሚቀባው አይደለም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ቁርጥራጮች አሉ። የመጀመሪያው ወርቅማ ነው፣ ሁለተኛው ወይን ጠጅ፣ ሦስተኛው ድፍን ሰማያዊ፣ አራተኛው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ሮዝ፣ መጨረሻው አረንጓዴ። ሰባቱም ከአንድ ቆርቆሮ የተቆረጡ ናቸው፤ ብረቱ ቲታኒየም ይባላል። አንዲት ጠብታ ቀለም አልነካቸውም። በላያቸው ያለው ሽፋን ብረቱ ራሱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሠራው ነው፣ ኦክሳይድ እንለዋለን። የሚገርመው ደግሞ ኦክሳይዱ ራሱ እንደ መስታወት የጠራ መሆኑ ነው። ፍቀን ለብቻው ብናወጣው እነዚህን ቀለሞች አናይበትም።

ታዲያ ቀለሙ ከየት መጣ? ዝናብ ከዘነበ በኋላ አስፋልት ላይ የፈሰሰ የመኪና ዘይት አይታችኋል። የሳሙና አረፋም አይታችኋል። ነገሩ ያው ነው። ብርሃን ስስ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ከላይኛው ፊት ተመልሶ ይመጣል፣ ከፊሉ ሽፋኑን አልፎ ገብቶ ከታች ካለው ብረት ነጥሮ ይመለሳል። ሁለቱ የተመለሱት ይገናኛሉ። ብርሃን እንደ ውኃ ማዕበል ከፍና ዝቅ እያለ የሚሄድ ነገር ስለሆነ፣ ከፍታው ከከፍታው ጋር ሲገጥም ይበረታል፣ ከፍታው ከዝቅታው ጋር ሲገጥም ግን አንዱ አንዱን ያጠፋዋል። የትኛው ቀለም እንደሚበረታና የትኛው እንደሚጠፋ የሚወስነው የሽፋኑ ውፍረት ነው። ከነጩ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊው ከጠፋ ዓይናችን ቢጫ ያያል፤ ቢጫው ከጠፋ ደግሞ ሰማያዊ ያያል። ስለዚህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ቀለም የውፍረት ልዩነት ነው።

ውፍረት ስል ምን ያህል መሰላችሁ? የሰው ፀጉር በግምት 80,000 ናኖ ሜትር ይወፍራል። ይህ ሰማያዊው ቁርጥራጭ ላይ ያለው ሽፋን 50 ወይም 60 ናኖ ሜትር ቢሆን ነው። ይህን በሜትር የሚለካ የለም፤ ዓይናችን ግን ከ50 ወደ 100 ሲሄድ ወዲያው ይለየዋል። ለእኔ ኬሚስትሪ የጣመኝ እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ሰው ያለ መሣሪያ፣ በባዶ ዓይኑ፣ ናኖ ሜትር ሊለካ መቻሉ።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ። ከሁሉም በፊት ጽዳት ይመጣል። ቁርጥራጩን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ትፈትጉታላችሁ፣ በሳሙና ታጥቡታላችሁ፣ ከዚያ በአልኮል ትጠርጉታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ በጣት መንካት የለም። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ፋብሪካዎች ከዚህ በፊት ሃይድሮፍሎሪክ የሚባል አሲድ ይጠቀማሉ። ይህን አሲድ ማንም እንዳይነካው፤ ቆዳ አልፎ ገብቶ የአጥንትን ካልሲየም የሚበላ ነገር ነው፣ አንዳንድ ጊዜ ሕመሙ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ነው። ለእኛ ብርጭቆ ወረቀቱ ይበቃናል።

ፈሳሹ ውኃና አንድ ማንኪያ ሶዳ ለሽቲያ ነው፣ ሱፐር ላይ የምትገዙት። የወጥ ጨው አትጠቀሙ፤ ጨው ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ከባትሪው የፕላስ ሽቦውን ከቲታኒየሙ ጋር፣ የማይነሱን ደግሞ ከማይዝግ ብረት ወይም ከአልሙኒየም ፎይል ጋር ታያይዛላችሁ፤ ሁለቱም ፈሳሹ ውስጥ ይገባሉ፣ እርስ በርስ ግን አይነካኩም። አንድ የ9 ቮልት ባትሪ ወርቅማ ያወጣል። ሁለት ስትቀጥሉ 18 ቮልት ይሆናል፣ ወይን ጠጅ ይመጣል። ሦስት ሲሆን 27፣ ሰማያዊ። ቤት ውስጥ እዚህ ላይ ቁሙ። ከዚያ በላይ ያሉትን አራቱን ቁርጥራጮች የሠራነው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በጓንትና አስተማሪ ባለበት ነው። ቢጫው በ55 ቮልት አካባቢ፣ ሮዙ በ70፣ አረንጓዴው ከ90 በላይ ነው የወጣው። እንዲህ ያለ ቮልት እርጥብ እጅ ላይ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ ባትሪ እየቀጣጠላችሁ እቤት አትሞክሩት፣ እባካችሁ።

ቁጥሮቹ እንደ ፈሳሹ ትንሽ ይለያያሉ። በግምት ግን ለእያንዳንዱ ቮልት 2 ናኖ ሜትር ያህል ኦክሳይድ ያድጋል። ኦክሳይዱ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፍም፤ ሽፋኑ እየወፈረ በሄደ ቁጥር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እየደከመ ይመጣል፣ ለዚያ ቮልት የሚበቃው ውፍረት ላይ ሲደርስም ከሞላ ጎደል ይቆማል። ሰው መቼ ላውጣው ብሎ መጨነቅ የለበትም፣ ሰማያዊው ከወጣ በኋላ አሥር ደቂቃ ብታቆዩት ያው ሰማያዊ ነው። ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም። በ55 ቮልት ቢጫ የሆነውን ቁርጥራጭ ወደ 20 ቮልት ብታወርዱት ወይን ጠጅ አይሆንም፤ የበቀለው በቅሏል። ስለዚህ ባለ ብዙ ቀለም ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች ከከፍተኛው ቮልት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ሌላ ቀለም የሚፈልጉበትን ቦታ ፍቀው ባነሰ ቮልት ይደግሙታል።

እስካሁን የተናገርኩት የመጽሐፍ ነው። አሁን ወደ አያቴ ልምጣ።

አያቴ ደምብያ ውስጥ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ፣ ምሳር ይሠራ ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ብረቱን ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነበር የሚያወጣው። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ሲመጣ መስፉንም ወናፉንም እዚያው ትቶ ነው። እዚህ አገር ብረት ቀጥቅጦ አያውቅም። እኔ ባለፈው ዓመት ስለ ብረት ኦክሳይድ ስማር ግን አንድ ሰንጠረዥ አጋጠመኝ። ብረት ከጠነከረ በኋላ፣ ማለት ግሎ ውኃ ውስጥ ከተነከረ በኋላ፣ እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል፤ ስለዚህ መልሰው ለስለስ ባለ ሙቀት ያሞቁታል። ሲሞቅ ፊቱ ላይ ስስ ኦክሳይድ ያድጋል፣ ቀለምም ያወጣል። በ220 እና 230 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቀለም፣ በ260 ቡኒ፣ በ280 ወይን ጠጅ፣ በ300 ሰማያዊ። ቲታኒየሙ ላይ በባትሪ ያደረግነውን እዚህ እሳቱ ያደርገዋል። ሰንጠረዡን ይዤ ወደ አያቴ ሄድኩና ምንም ሳልነግረው፣ «አባባ፣ ቢላ ስትሠራ መብቃቱን በምን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«በመልኩ ነዋ» አለኝ። «ገለባ ሲመስል ለቢላ ነው። እንደ ወይን ሲጠቁር ለምሳር። ሰማይ ከመሰለ አልፎበታል፣ ስለት አይዝም።»

ሰንጠረዡ ላይ ያለው በትክክል ይኸው ነው። ለቢላ ገለባ፣ ለምሳር ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊው ደግሞ ለምንጭ ብረት እንጂ ለስለት አይሆንም። አያቴ ቴርሞሜትር በእጁ ይዞ አያውቅም፣ ዲግሪም አይቆጥርም።

በሌላ ቀን ከአንድ ባሌስትራ የተቆረጡ ሦስት ቁርጥራጮች አወለወልኩና በቤተ ሙከራው ምድጃ አሞቅኳቸው፤ አንዱን በ230፣ አንዱን በ280፣ አንዱን በ300 ዲግሪ። ምንም ሳልጽፍባቸው ወስጄ ፊቱ ዘረገፍኳቸው። ወደ መስኮቱ ይዟቸው ሄደ፣ ዘወር ዘወር አደረጋቸው። ከዚያ የጠየቀኝ ጥያቄ፣ «ስንት ጊዜ አቆየሽው?» የሚል ነበር።

ይህ ጥያቄ ሰንጠረዡ ላይ የለም። ሰንጠረዡ ዲግሪውን ብቻ ነው የሚናገረው። ኦክሳይድ ግን በሙቀት ብቻ አይደለም የሚያድገው፣ በጊዜም ነው፤ በ230 ዲግሪ ብዙ ሰዓት የቆየ ብረት በ260 ለአጭር ጊዜ የሞቀውን ሊመስል ይችላል። እሳት ዳር የሚሠራ ሰው ከመጽሐፉ በፊት ይህን ያውቀዋል። ቀለሙን ብቻ አይቶ አይፈርድም፣ ቀለሙ የመጣበትን ፍጥነትም ያያል። ቆይቶ ሦስቱንም አንድ በአንድ ለይቶ ነገረኝ፤ የቢላውን፣ የምሳሩን፣ ሦስተኛውን ደግሞ «ይቺ ለምንም አትሆን» ብሎ ወደ ጎን ገፋት። (ለምንጭ ትሆናለች አባባ፤ እሱ ግን ምንጭ ብረት ሠርቶ አያውቅም።)

ይህን የምናገርበት ምክንያት አለኝ። እዚህ የተቀመጣችሁ ሽማግሌዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ጎንደር ውስጥ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ማረሻውን ይሸጥላቸው ነበር፣ ማታ ግን ቡዳ ነው ይሉታል፣ ዓይኑ ይበላል ይሉታል። ባለ እጅ የሚለው ስም ራሱ ስድብ ነበር። አያቴ ለእናቴ ስለ ሥራው ብዙ ያልነገራት ለዚህ ይመስለኛል። እናቴ እኔ እስክጠይቀው ድረስ የገለባውን ነገር ሰምታ አታውቅም። እኛ ደግሞ እዚህ ቲኮን ስንማር «ኬሚስትሪ ይከብድሻል፣ ቀለል ያለ ነገር ውሰጂ» ያሉን አሉ። አንድ ላይ ሳስበው አንጀቴ ያራል፤ ያንኑ እውቀት መጀመሪያ ጥንቆላ ነው አሉት፣ ቀጥሎ ደግሞ ለእናንተ አይሆንም አሉን።

ሸክላ የሚሠሩ እናቶቻችንም ከዚህ የራቁ አልነበሩም። እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። የሸክላው ቅላት ከውፍረት አይመጣም፤ ጭቃው ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ ራሱ ቀይ ነው። አየር እያገኘ ሲቃጠል ይቀላል፣ ጭስ ታፍኖበት ኦክስጅን ሲያጣ ይጠቁራል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቀለም አለ፤ አንዱ የቁሱ የራሱ ቀለም፣ ሌላው ከውፍረት የሚመጣው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ጠብታ አልኮል አድርጉበት። ከውፍረት የመጣው ቀለም ጠብታው ሥር ይለወጣል ወይም ይደበዝዛል፣ አልኮሉ ሲተን ይመለሳል። የቁሱ ቀለም ከሆነ ግን ከመርጠቡ በቀር ሌላ አይሆንም። ሁለተኛው መንገድ ቁርጥራጩን አዘንብሎ ማየት ነው፤ ከውፍረት የመጣው ቀለም በጎን ሲታይ ትንሽ ይሸሻል።

መስታወት ላይ ኦክሳይድ መሥራትም ይቻላል። መስታወቱን የብረት ጨው ወይም የቲታኒየም ውሑድ ያለበት አልኮል ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው ያወጡታል፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ 450 ወይም 500 ዲግሪ ያሞቁታል። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው። ፈጥነህ ስታወጣው ሽፋኑ ይወፍራል፣ ቀስ ስትል ይሳሳል፤ ቀስ ስትል ፈሳሹ ወደ ታች ለመውረድ ጊዜ ያገኛልና። በአንድ ጊዜ በጣም ከወፈረ ሲደርቅ እንደ በጋ መሬት ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ስስ አድርጎ መድገም ይሻላል።

ቀለሙ ማማሩ ሥራው ማለቁ አይደለም። ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ በእኔ አስተያየት ከመሥራቱ መፈተኑ ይበልጣል። በጣም ቀላሉ የሰሎቴፕ ፈተና ነው። በስለት ሽፋኑ ላይ ስድስት መስመር ወዲህ፣ ስድስት ወዲያ ትጭራላችሁ፣ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ። ጠንካራ ሰሎቴፕ ለጥፋችሁ ትገነጥሉታላችሁ፣ ከዚያ ስንቱ ማዕዘን እንደተነቀለ ትቆጥራላችሁ። ለዚህ የተጻፈ ደንብ አለ፣ ግን ሁለት ደንብ ነው፤ በዓለም አቀፉ 0 ማለት ምንም አልተነቀለም፣ 5 ማለት ብዙ ተነቅሏል፤ በአሜሪካኖቹ ደግሞ 5 ነው ምርጡ፣ 0 ነው የተበላሸው። ስለዚህ አንድ ሰው «ሽፋኔ 5 አገኘ» ቢላችሁ በየትኛው ብላችሁ ጠይቁት።

እነዚህን ሰባቱን ቲታኒየሞች በሰሎቴፕ ፈተንናቸው፣ ምንም አልተነሣም። ሽፋኑ ከላይ የተለጠፈ ሳይሆን ከብረቱ የበቀለ ስለሆነ ነው። መስታወት ላይ በነከራ የሚሠራው ግን መስታወቱ በደንብ ካልጸዳ ወይም ምድጃው ካልበቃ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይነሣል።

ሁለተኛው የእርሳስ ፈተና ነው። የሥዕል እርሳስ ከለስላሳው ቢ እስከ ጠንካራው ኤች ድረስ ደረጃ አለው። ጫፉን ጠፍጣፋ አድርጎ በ45 ዲግሪ ዘንበል አድርጎ በተወሰነ ክብደት ይገፉታል፣ ከጠንካራው ጀምሮ የማይቧጭረው እስኪገኝ። ከዚያ የጨው ፈተና አለ፤ 5 ከመቶ ጨው ያለበት ውኃ በ35 ዲግሪ እንደ ጭጋግ ለብዙ ሰዓት ይረጭበታል። አሽዶድና አሽቀሎን የምትኖሩ ይህ ፈተና ለምን እንደሚያስፈልግ በረንዳችሁን አይታችሁ ታውቃላችሁ።

ቀለሙን ራሱን ደግሞ በቁጥር እንጽፈዋለን። «ሰማያዊ ነው» ማለት አይበቃም፣ የእኔ ሰማያዊና የአንቺ ሰማያዊ አንድ ላይሆን ይችላል። መሣሪያው ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ ብሩህነቱን፣ አንዱ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ አንዱ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ያለበትን ቦታ። ይህ አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። በሁለት ቁርጥራጮች መካከል ያለው ልዩነት 1 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አብዛኛው ሰው በዓይኑ አይለየውም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ሆስፒታል ውስጥ አጥንት የሚያያዝባቸው የቲታኒየም ብሎኖች ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ቀለም ይወጣባቸዋል፤ መጠኑ በቀለም እንዲለይ። ሐኪሙ ሰማያዊ ሲያነሣ የትኛው ውፍረት እንደሆነ ያውቃል። የተቀባ ቀለም ቢሆን ኖሮ ሰውነት ውስጥ ሊላጥ ይችል ነበር። ሰማያዊው ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ከሆነ ደግሞ፣ ደክሞት የቆመ ሰው ሌላውን ሊያነሣ ይችላል።

ሌላው ምሳሌ ጣሪያችን ላይ ነው፤ ዱድ ሸሜሽ። ጥቁር የተቀባ ብረት ፀሐይ ይውጣል፣ ግን ሲሞቅ የያዘውን ሙቀት ራሱ መልሶ ይተፋዋል። ኢየሩሳሌም ይሠራ የነበረው ሃሪ ጽቪ ታቦር በ1950ዎቹ ያገኘው መልስ ስስ ጥቁር ሽፋንን በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ማድረግ ነው። ሽፋኑ ለፀሐይ ብርሃን ጥቁር ነው፣ ለሙቀት ጨረር ግን በጣም ስስ ስለሆነ የለም ማለት ይቻላል፤ ከሥሩ ያለው ብረት እንደ መስታወት ሙቀቱን ይይዘዋል። ከ1980 ጀምሮ በአዲስ መኖሪያ ቤት ላይ ዱድ ሸሜሽ ግዴታ ሆነ። ዛሬ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ወደ ሰማያዊ የሚያደሉት ለጌጥ አይደለም፤ ሽፋኑ ከሁሉም ብርሃን ሰማያዊውን ብቻ ትንሽ ስለሚመልስ ነው።

አሁን ልመና አለኝ። አያቴ 84 ዓመቱ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥም ወናፍ የነፉ፣ ጉጠት የያዙ፣ ሸክላ ያቃጠሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ሦስት ጓደኞቼና እኔ የሞቁ ብረቶችን ሳጥን ሞልተን አዘጋጅተናል፤ የእያንዳንዱ ዲግሪና ደቂቃ ከኋላው ተጽፏል፣ ከፊት አይታይም። እቤታችሁ መጥተን እናሳያችሁ፣ እናንተ ምን እንደምታዩ ንገሩን፣ በየትኛው ስም እንደምትጠሩት ንገሩን፣ እኛ በድምፅና በጽሑፍ እንይዘዋለን። «ተረስቶኛል» አትበሉን። አያቴም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያለው። ወጣቶቹ ደግሞ የማን አባት፣ የማን አያት ምን ይሠራ እንደነበር ዛሬ ማታ ጠይቁና ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ፤ መዝገቡ በር ላይ ነው።

በቃኝ። ባትሪዎቹ ተያይዘዋል፣ ሦስት ብቻ ናቸው። ጓንቱ ከሳጥኑ ጎን አለ፣ የሕፃናት መጠን ያለውም አለ። ሰባቱን ቁርጥራጮች በባዶ እጅ መንካት ይቻላል፤ ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ሲለወጥ አትደንግጡ፣ በአልኮል ጥጥ ስትጠርጉት ይመለሳል። አባባ፣ እርስዎ ከፊት ይቀመጡ፤ ሰማያዊው ሲመጣ ከዚህ ነው የሚታየው።